አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ትርጉም፡- የቢሮ ሶፍትዌሮች ወጥ አሠራር ለምን ያስፈልጋቸዋል?

ይህን ርዕስ ይዤ ስመጣ አንድ የክፍሌ ልጅ «ጋዜጠኝነት እየተማርሽ የሶፍትዌር ቁልፍ ምን አገባሽ?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ደግሞ አጭር ነው፤ ነገሩ የቃላት ጉዳይ ስለሆነ ያገባኛል። አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ አንድ ነገር፣ በሌላ ገጽ ላይ ሌላ ነገር ማለት ሲሆን ሰው ይሳሳታል። ስህተቱ ጋዜጣ ላይ ከሆነ በማግስቱ እርማት ይወጣል። ቢሮ ውስጥ ከሆነ ግን ከደመወዝ ሊቆረጥ ይችላል። ይህን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት።

አክስቴ በአንድ የግል የንግድ ድርጅት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናት። ድርጅቱ ሦስት ሶፍትዌሮች አሉት፤ አንዱ ለሽያጭ፣ አንዱ ለግምጃ ቤት፣ አንዱ ለሂሳብ። ሦስቱም አንድ ዓርማና አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀለም አላቸው፤ ሲገዙም «የአንድ ቤተሰብ ናቸው» ተብሎ ነው። አክስቴ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሽያጭ ላይ ሠርታ ነው ወደ ግምጃ ቤት የተዛወረችው። በሽያጩ ሶፍትዌር ላይ ከታች በስተቀኝ «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ስትጫን የተከፈተው ቅጽ ይዘጋል፤ ምንም የሚጠፋ ነገር የለም። በግምጃ ቤቱ ሶፍትዌርም ላይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀለም «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ አለ። የዚህኛው ሥራ ግን ሌላ ነው፤ የተመዘገበውን ሰነድ ራሱን ውድቅ ያደርጋል።

የሆነው እንዲህ ነው። 40 ከረጢት ሲሚንቶ የወጣበትን የወጪ ደረሰኝ ለማየት ብቻ ከፈተችው። አይታ ስትጨርስ እንደለመደችው «ሰርዝ» ላይ ተጫነች። «እርግጠኛ ነዎት?» አላት። ሽያጭ ላይ ሳለች ይሄ ጥያቄ በየደቂቃው ይመጣባት ስለነበር ሳታነበው «አዎ» አለች። ወጪው ውድቅ ሆነ፤ 40ው ከረጢት በመዝገቡ ላይ ተመልሶ ገባ። ሲሚንቶው ግን ከሄደ ሰንብቷል። በወሩ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ 40 ከረጢት ጉድለት ተገኘ።

«እትዬ፣ ታዲያ የተሳሳተው ሶፍትዌሩ ነው እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ?» አልኳት ማታ።

«ሶፍትዌር አይፈርምም ልጄ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ኋላ ላይ የተረካቢው ፊርማ ያለበት የወረቀት ቅጂ ተገኘና ጉድለቱ ተነሳላት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ግን ከማህደሯ አልወጣም።

መልክ መመሳሰልና ሥራ መመሳሰል

መጀመሪያ ላይ ሦስቱ ሶፍትዌሮች ስለማይመሳሰሉ ችግር የተፈጠረ መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ችግሩ የመጣው መልካቸው በጣም ስለሚመሳሰል ነው። የግምጃ ቤቱ ሶፍትዌር ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቁልፉም ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ አክስቴ ቆም ብላ ታነብ ነበር። መልኩ አንድ ሆኖ ሥራው ሲለያይ እጅ ከዓይን ይቀድማል። ስለዚህ ወጥነት ስንል የዓርማና የቀለም ጉዳይ ብቻ አድርገን ካየነው ተሳስተናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን ላብራራ። ኢንተርፌስ የሚባለው ተጠቃሚው ከሶፍትዌሩ ጋር የሚገናኝበት ገጽ ነው፤ ቁልፎቹ፣ ቅጾቹ፣ መልእክቶቹ ሁሉ ማለት ነው። የዲዛይን ፓተርን የሚባለው ደግሞ በተደጋጋሚ ለሚያጋጥም ችግር የተዘጋጀና የተጻፈ መፍትሔ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከኮምፒውተር ሰዎች አይደለም። ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የሚባል የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቤትና ስለ ከተማ አሠራር 253 ፓተርኖችን አስፍሯል። የእያንዳንዳቸው አቀራረብ «እንዲህ ዓይነት ችግር ሲገጥም መፍትሔው በግምት ይሄ ነው» የሚል ነው። የሶፍትዌር ሰዎች በኋላ ከእሱ ወሰዱት። ሰነድ ማረም፣ ቅጽ ዘግቶ መውጣት፣ የተመዘገበን ነገር ውድቅ ማድረግ፣ ስም መፈለግ፤ እነዚህ በሽያጭም በግምጃ ቤትም በሂሳብም ያጋጥማሉ። ሦስቱ ሶፍትዌሮች የአንድ ቤተሰብ የሚሆኑት ለእነዚህ ችግሮች አንድ መልስ ሲኖራቸው ነው።

ኪቦርድ ላይ ካርቶን ይቀመጥ የነበረበት ዘመን

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማየት የ1980ዎቹን የቢሮ ኮምፒውተር እናስብ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት የውጭ ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዘመኑ በስፋት ከሚሠራባቸው ፕሮግራሞች መካከል ለጽሑፍ ዎርድፐርፌክት፣ ለሠንጠረዥ ሎተስ 1-2-3፣ ለመረጃ አያያዝ ደግሞ ዲቤዝ ነበሩ። ኤፍ 10 የሚባለውን ቁልፍ ዎርድፐርፌክት 5.1 ላይ ብትጫኑ ጽሑፉን ያስቀምጣል። ሎተስ ላይ ግራፍ ያሳያል። ዲቤዝ 3 ፕላስ ላይ ደግሞ መዝገብ ለማረም ይከፍታል። እርዳታ ለመጠየቅ ሎተስና ዲቤዝ ላይ ኤፍ 1 ነው፤ ዎርድፐርፌክት ላይ ግን ኤፍ 3። ኢስኬፕ ሎተስ ላይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲመልስ ዎርድፐርፌክት 5.1 ላይ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ድርጊት የሚደጋግም ቁልፍ ነበር። ተደናግጦ «አውጣኝ» ለማለት ኢስኬፕን የነካ ሰው ምን እንደሚሰማው ገምቱት። ለዚህ ነው ከዎርድፐርፌክት ጋር ኪቦርዱ ላይ የሚቀመጥ፣ የቁልፎቹን ሥራ የሚዘረዝር ማስታወሻ አብሮ ይመጣ የነበረው።

ሦስቱም ለየብቻቸው ሲታዩ መጥፎ ፕሮግራሞች አልነበሩም። ጸሐፊዋ ግን ጠዋት ደብዳቤ፣ ከሰዓት ሠንጠረዥ የምትሠራ አንድ ሰው ናት፤ ያሏት ጣቶችም አሥር ናቸው።

በ1987 አይ.ቢ.ኤም «ኮመን ዩዘር አክሰስ» የሚባል መመሪያ አወጣ። ዓላማው በትልልቆቹም በትንንሾቹም ኮምፒውተሮቹ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች በአንድ ልማድ እንዲመሩ ነበር። ዛሬም ዊንዶውስ ላይ ኤፍ 1 እርዳታ የሚያመጣው፣ ኦልትና ኤፍ 4 አንድ ላይ ሲጫኑ መስኮቱን የሚዘጉት ከዚያ የወረስነው ስለሆነ ነው። አፕልም በዚያው ዓመት ለማኪንቶሽ የራሱን መመሪያ በመጽሐፍ አሳተመ። ሁላችንም ሳናስበው የምንጠቀምባቸው የዜድ፣ የኤክስ፣ የሲና የቪ አቋራጮች (መመለስ፣ መቁረጥ፣ መቅዳት፣ መለጠፍ) የመጡት ደግሞ ከአፕል ሊሳና ማኪንቶሽ ነው። አራቱ ፊደላት ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ግራ እጅ ሳይንቀሳቀስ ይደርስባቸዋል። መቁረጥና መለጠፍን ቀደም ሲል ዜሮክስ ምርምር ማዕከል ሳለ ካዳበሩት ሰዎች አንዱ በ2020 ያረፈው ላሪ ቴስለር ነው። የቅንጅቱ ጥንካሬ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አንድ ቀን ኮንትሮል ሲ ሌላ ነገር ቢሠራ ምን እንደሚሆን ማሰብ ብቻ ይበቃል። እኔ በበኩሌ ያን ቀን ምንም አልጽፍም።

መመሪያ ማውጣት ግን ቀላል አልነበረም፤ ገንዘብ አለበት። ቦርላንድ የተባለው ድርጅት ኳትሮ ፕሮ የሚባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራሙን የሎተስ ተጠቃሚዎች እንዳይቸገሩ ብሎ የሎተስን የትእዛዝ ዝርዝር አስገባበት። ትእዛዞቹ 469 ነበሩ። ሎተስ በ1990 ከሰሰው። ክርክሩ ረዥም ጊዜ ወስዶ በ1995 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ «የትእዛዝ ዝርዝሩ የአሠራር ዘዴ ስለሆነ በቅጂ መብት አይጠበቅም» ብሎ ለቦርላንድ ወሰነ። በጥር 1996 ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞቹ 4 ለ4 ተከፈሉ፤ ስለዚህ የታችኛው ውሳኔ ባለበት ጸና። ተጠቃሚው የለመደው የማነው? የሠሪው ነው ወይስ የእጁ? ዳኞቹ እኩል ለእኩል የተከፈሉበት ጉዳይ በመሆኑ እኔም ቸኩዬ አልፈርድም።

ኦፊስ፡- የቤተሰቡ ገመና

አብዛኞቻችን የምናውቀው የሶፍትዌር ቤተሰብ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ነው። ዎርድ፣ ኤክሴልና ፓወርፖይንት መጀመሪያ የተወለዱት ለየብቻ ነው፤ አንድ ካርቶን ውስጥ ገብተው መሸጥ የጀመሩት በኋላ ነው። ካርቶን ደግሞ ቤተሰብ አያደርግም። ሜኑና የመሣሪያ አሞሌው በጋራ ተሠርቶ ለሁሉም እንዲያገለግል ለማድረግ እስከ ኦፊስ 97 ድረስ ጊዜ ወስዷል።

ወጥነት በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም መሆን እንዳለበት ያሳየው ደግሞ ኦፊስ 2000 ነው። ሜኑዎቹ ብዙ የማንነካቸውን ትእዛዞች እየደበቁ የምንነካቸውን ብቻ ያሳዩ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። ውጤቱ ግን ትናንት ሦስተኛ የነበረው ትእዛዝ ዛሬ አምስተኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። ቤታችሁ ገብታችሁ የመብራቱን ማብሪያ በየቀኑ ብትፈልጉ ደስ ይላችኋል?

ዎርድ 2003 ላይ ሲደረስ ትእዛዞቹ ከ1,500 በላይ፣ የመሣሪያ አሞሌዎቹም ከ30 በላይ ሆነው ነበር። ስለዚህ በኦፊስ 2007 ማይክሮሶፍት ሜኑውን አንስቶ ሪበን የሚባለውን ከላይ የተዘረጋ አዲስ አሠራር አመጣ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ የለመደው ጠፋበታ! ይበልጥ የሚገርመው ግን ሌላው ነው። ሪበኑ የገባው ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወርፖይንትና አክሰስ ላይ ሲሆን አውትሉክ ላይ ደብዳቤና የመሳሰሉት ለየብቻ በሚከፈቱባቸው መስኮቶች ብቻ ነበር። ፐብሊሸርና ዋን ኖት በአሮጌው ሜኑ ቀሩ። ሙሉ ቤተሰቡ ወደ አንድ የመጣው በ2010ው እትም ነው። በመሐል ባሉት ሦስት ዓመታት አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዘመን ላይ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ዛሬም ያልታረቀ አለ። ዎርድና ኤክሴል ላይ ኮንትሮልና ኤፍ «ፈልግ» ማለት ነው። በቆየው አውትሉክ ላይ ግን የተከፈተውን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ያዘጋጃል። ከደብዳቤ ውስጥ አንድ ቃል ልፈልግ ያለ ሰው ደብዳቤውን ሊልክ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ደግነቱ አድራሻ ሳይሞላ አይሄድም፤ ያቺ አንዲት ተጨማሪ እርምጃ ናት የምታድነው። የአክስቴ ሶፍትዌር ያጣው ይህችኑ ነው።

ሁሉም ነገር አንድ ይሁን ማለት ነው?

አይደለም። ጆናታን ግሩዲን የተባለ ተመራማሪ በ1989 በኢንተርፌስ ወጥነት ላይ የሚሞግት ጽሑፍ አሳትሟል። ካነሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ቢላዋ ነው። የምግብ ቢላዋ ከማንኪያና ሹካ ጋር ይቀመጣል፣ የሠራተኛ ቢላዋ ደግሞ ከመሣሪያ ሳጥን ጋር። ሁሉም ቢላዋ ነውና አንድ መሳቢያ ይግባ ብትሉ ወጥ ይሆናል፤ ግን ማንም አይመቸውም። ዕቃ የሚቀመጠው ሥራው ባለበት ነው።

ይህን ወደ ቢሮ ስናመጣው፣ የሽያጭ ሠራተኛዋ ደንበኛ ፊቷ ቆሞ እየጠበቀ ነው የምትመዘግበው፤ ፍጥነት ያስፈልጋታል። የሂሳብ ሠራተኛው ግን የወር መዝጊያ ሲሠራ መቸኮል የለበትም። የሁለቱ ገጽ በግድ አንድ ዓይነት ይሁን ማለት አንዱን መበደል ነው። ወጥ መሆን ያለበት የቃሉና የቁልፉ ትርጉም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይመለስ ነገር የሚያደርግ ቁልፍ ምንም ጉዳት የሌለውን ቁልፍ ቦታና ስም ፈጽሞ መውሰድ የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ይቻላል ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

እንደ ጋዜጣ አጻጻፍ መመሪያ

እኛ ተማሪዎች የዝግጅት ክፍል የአጻጻፍ መመሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ ተምረናል። «ሚሊዮን» ነው «ሚሊየን»? የባለሥልጣን ማዕረግ ከስም በፊት ነው በኋላ? ዘጋቢው በየቀኑ አይወስንም፤ አንድ ጊዜ ተወስኖ ተጽፏል፣ አርታኢው ደግሞ ይጠብቀዋል። የሶፍትዌር ፓተርንም እንደዚሁ ካልተጻፈና ጠባቂ ካልተመደበለት ሦስት ፕሮግራመሮች ሦስት ዓይነት ጋዜጣ ያወጣሉ።

ለምሳሌ «የተመዘገበ ሰነድን ውድቅ ማድረግ» የሚለውን ፓተርን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር። ሥራ ላይ የሚውለው ሰነዱ ከተመዘገበ በኋላ ብቻ ነው፤ ገና ያልተመዘገበ ቅጽ ለመዝጋት አያገለግልም። ቃሉ በሦስቱም ሶፍትዌር «ውድቅ አድርግ» ነው፤ ቅጽ ለመዝጋት ደግሞ «ዝጋ»። «ሰርዝ» የሚለው ቃል ጨርሶ ይቅር፤ ምክንያቱም በአማርኛችን እንግሊዝኛው ካንስል የሚለውንም ዲሊት የሚለውንም ሊተካ ይችላል። አንዱ ተርጓሚ ለዚህ፣ ሌላው ለዚያ ቢወስደው ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ተጠቃሚው ግን ይሳሳታል። ቁልፉ ከ«ዝጋ» ርቆ በገጹ ሌላ ጫፍ ይቀመጥ። ማረጋገጫው «እርግጠኛ ነዎት?» ሳይሆን «የ40 ከረጢት ሲሚንቶ ወጪ ውድቅ ይደረግ? ዕቃው በመዝገብ ላይ ተመላሽ ይሆናል» ይበል። መልሶቹም «አዎ» እና «አይ» መሆናቸው ቀርቶ «ወጪውን ውድቅ አድርግ» እና «ተመለስ» ይሁኑ። ይህ ጥያቄ የሚመጣው ለእንዲህ ዓይነት ከባድ ነገር ብቻ ነው፤ በየደቂቃው የሚጠይቅ ሶፍትዌር ሰው እንዳያነብ ያሠለጥናል። ውድቅ የሆነው ሰነድ ደግሞ አይጥፋ፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን ውድቅ እንዳደረገው ተጽፎበት ይታይ። የሂሳብ ሰዎች በወረቀት ዘመንም ሰርዘው አያጠፉም ነበር፤ ማስተካከያ ምዝገባ ነው የሚሠሩት።

እውነቱን ለመናገር የመመሪያው ግማሽ ሥራ የፕሮግራመር ሳይሆን የአርታኢ ሥራ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ «ያገባኛል» ያልኩት።

ለእኛ አገር ቢሮ ሁለት ተጨማሪ ፓተርኖች የግድ ያስፈልጋሉ። አንደኛው ቀን ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ከውጭ የሚመጣ ደረሰኝ ግን በፈረንጅ ቀን ነው። አንድ ሠራተኛ ጳጉሜን 5 ቀን 2015ን «05/13/2015» ብላ ብትጽፍ የአሜሪካ አቀማመጥ ያለው ኤክሴል ሜይ 13 ብሎ ይቀበላታል፤ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ቀንን ከወር በሚያስቀድም አቀማመጥ ላይ ደግሞ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ቀንነቱን ሳይቀበል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ድምር ሲወጣ ይጎድላል። ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ ባሉ ሶፍትዌሮች ሁሉ ወሩ በስም ይመረጥ፣ የዘመን አቆጣጠሩም ከጎኑ ይጻፍ። ቀላል ነገር ነው፤ ግን አንዱ አድርጎት ሌላው ካላደረገ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል።

ሁለተኛው ፊደል ነው። ከዩኒኮድ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ ተመሳሳይ ፎንት ከሌለ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ የዚህ መፍትሔ መንገድ ተከፈተ። የሚቀረው የእኛው የሀ እና የሐ፣ የሰ እና የሠ፣ የጸ እና የፀ ጉዳይ ነው። ሽያጭ ክፍል «ፀሐይ» ብሎ የመዘገባትን ደንበኛ ሂሳብ ክፍል «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልጋት «አልተገኘችም» ይለዋል፤ ከዚያም እንደ አዲስ ይመዘግባታል። አንዲት ሴት ሁለት ደንበኛ ሆነች፤ ዕዳዋም ለሁለት ተከፈለ። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ መምህራኖቻችን ትቼ፣ የፍለጋው ፓተርን ግን ሁሉንም እንደ አንድ ማየት አለበት እላለሁ፤ በሦስቱም ሶፍትዌር።

አክስቴ ይህን ጽሑፍ ሳነብላት አዳምጣ «ይሄን ሁሉ ከምትጽፊ ለሠሩት ሰዎች ደውለሽ አትነግሪያቸውም?» አለችኝ። መነገሩንስ ተነግሯቸዋል፤ በሚቀጥለው እትም ይታያል ብለዋል። እስከዚያው ኮምፒውተሯ ጠርዝ ላይ በራሷ የእጅ ጽሑፍ «እዚህ ሰርዝ አይነካም!!» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ባለፈው ሳምንት ስሄድ አዲስ የተቀጠረው ልጅ ኮምፒውተር ላይም አንድ እንደዚያው ያለ ወረቀት አየሁ። የእሷ ወረቀት ፕላስተሩ ተቀይሯል።